እያስተማርኩ በአፕላይድ ሊንጉስቲክስ ማስተርስ መያዝ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ቢሾፍቱ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፒጂዲቲም (የድህረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ) ወስጃለሁ። ሥራዬን ሳልለቅ በአፕላይድ ሊንጉስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ‹ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ቀላል ነው፣ የቋንቋ ትምህርት ስለሆነ ሒሳብ የለውም፣ በሁለት ዓመት ትገላገላለህ› ይሉኛል። አንዱ ደግሞ ‹የእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ይሻልሃል› ይለኛል። ለመግባት ምን ያስፈልገኛል? ኮርሶቹ ምን ምን ናቸው? ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) የሌለው አማራጭ አለ? ብዙ ቋንቋ ማወቅስ ግዴታ ነው?»

ምላሽ፦ ጓደኞችዎ ከነገሩዎት ውስጥ ልክ የሆነው «ቅዳሜና እሑድ ነው» የሚለው ብቻ ነው። ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ስታትስቲክስ አለው። ሙሉ ቀን እያስተማሩ በሁለት ዓመት መጨረስም ለአብዛኛው ሰው አይሆንም። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ ብዙ ቋንቋ መናገር ግዴታ አይደለም። ከእንግሊዝኛው ሌላ አማርኛዎን ወይም ኦሮምኛዎን በደንብ ካወቁ በቂ ነው። የሚፈለገው የሚያውቁትን ቋንቋ ከውጭ ሆኖ ማየት መቻል ነው። ይሄ ደግሞ ከመናገር ችሎታ የተለየ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ሥነ ልሳንን (ሊንጉስቲክስን) እና አፕላይዱን ያምታታል። ሥነ ልሳን ቋንቋው ራሱ እንዴት እንደተሠራ ያጠናል፤ ድምፁን፣ የቃሉን እርባታ፣ የዐረፍተ ነገሩን አሠራር። አፕላይዱ የሚነሣው ቋንቋ ካለበት ችግር ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ባዮሎጂ የወደቀው ባዮሎጂው ከብዶት ነው ወይስ መጽሐፉ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ስላልገባው? አስተርጓሚው ፍርድ ቤት ውስጥ የተከሳሹን ቃል አለሳልሶ ቢያቀርበው ምን ይከተላል? ሐኪሙ የነገራትንና በሽተኛዋ የሰማችውን ምን ለያየው? የትምህርቱ እንጀራ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። የሥነ ልሳኑ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ግን መሣሪያ ሆኖ ነው የሚገባው።

ዘርፉ ራሱን ችሎ የቆመው በቅርብ ነው። ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የአፕላይድ ሊንጉስቲክስ ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ዋሽንግተን ያለው የአፕላይድ ሊንጉስቲክስ ማዕከል በ1959 ተቋቋመ፤ የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1964። በዚያን ጊዜ ሥራው ከሞላ ጎደል እንግሊዝኛን ለውጭ ሰው ማስተማር ነበር። እኛም አገር እስከ ዛሬ አፕላይድ ሊንጉስቲክስ ሲባል ብዙ ሰው ቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር) ማለት የሚመስለው ከዚያ የቀረ ልማድ ነው። መንገዴን እየሳትኩ እንዳይመስልዎ፣ ነገሩ ከእኛም ጋር ይገናኛል። የዋሽንግተኑ ማዕከል የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1968 እና 69 ኢትዮጵያ ውስጥ በተካሄደው የቋንቋዎች ጥናት ተሳትፏል። የዘርፉ ጥያቄዎች ገና ከጠዋቱ እዚህ ነበሩ።

ይህ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል? ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ የፕሮግራሙን ስም አይከተሉ። አንዱ ጋ «ቴፍል» የሚባለው ውስጥ ሌላው ጋ «አፕላይድ ሊንጉስቲክስ» ከሚባለው የበለጠ የአፕላይድ ኮርስ ሊኖር ይችላል። አማርኛን ወይም ሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ ማስተማር ላይ ያተኮሩም አሉ። የኮርሱን ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ ጠይቀው ያንብቡ። ስሙ የሚያስፈልገው ሥራ ሲፈልጉ ነው። የመምህራን ኮሌጅ ማስታወቂያ ሲያወጣ የሚቀበላቸውን የዲግሪ ስሞች ይዘረዝራል፤ «ተዛማጅ» የምትለዋ ቃል ከሌለች ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም ችግር ያመጣል። ወደፊት ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ካሰቡ፣ ከአሁኑ አንድ ሁለት ማስታወቂያ አይተው ምን ስም እንደሚጠይቁ ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ መግቢያው። የመጀመሪያ ዲግሪ በእንግሊዝኛ፣ በሥነ ልሳን ወይም በአገር ውስጥ ቋንቋ ይጠየቃል። የእርስዎ ያልፋል። ቀጥሎ ጋት የሚባለው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ለድህረ ምረቃ የሚያመለክት ሰው ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ አለበት። ከዚያ በፊት ፈተናውን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ ነበር የሚያወጣው። አሁንም ትምህርት ክፍሉ የራሱን ጽሑፍ ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል። ጋት የእንግሊዝኛ ዕውቀትዎን ብቻ አይደለም የሚፈትነው። የቁጥርና የአመክንዮ ጥያቄ አለው። የቋንቋ መምህራን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ከአስረኛ ክፍል ወዲህ መቶኛና ጥምርታ ነክተው አያውቁማ። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒዩተር ስለሆነ ሰዓት አያያዝም ይለመድ። ሁለት ወር የማታ ልምምድ ይበቃዎታል፤ ግን ያለ ልምምድ አይግቡ።

ሰው የማይጠብቀው መዘግየት የሚመጣው ከወረቀቱ ነው። የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትዎን የሚቀበለው ከተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ ሲላክለት ነው። በእጅዎ ያለው የተማሪ ኮፒ አይሆንም። የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ዕዳዎን ካልዘጉ ደግሞ ዋናው ዲግሪም ሆነ ኦፊሻሉ ይያዛል። መምህራን ዕዳውን በአገልግሎት መክፈል ስለሚችሉ፣ ያገለገሉበትን ዘመን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አስቀድመው ያውጡ። ይህቺ ወረቀት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ምዝገባው ያልፋል። ጋት ከመመዝገብዎ በፊት የትራንስክሪፕቱን ነገር ያስጀምሩ ማለቴ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቁ ደግሞ ዳይሬክተሩን ብቻ አይያዙ። አንዱ ደብዳቤ በመጀመሪያ ዲግሪ ካስተማረዎት ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ሥራ ሳይለቁ ለመማር እዚህ አገር ያለው መንገድ በዋናነት ሁለት ነው፤ ኤክስቴንሽን (ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ) እና ክረምት። ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴን ይይዝና በሦስት ወይም በአራት ክረምት ይጨርሳል። ለመምህር የተሰፋ ይመስላል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የሚያስቀር ክፍለ ጊዜ የለም። ችግሩ የአንድ ሴሚስተር ኮርስ በጥቂት ሳምንት መታጨቁ ነው። ሌክቸሩን ይሰማሉ፣ ፈተናውን ይፈተናሉ፣ ንባቡ ግን ይቀራል። በቀሪዎቹ አስር ወራት ደግሞ ከአማካሪዎ ጋር አይገናኙም። ከሩቅ ክልል ለሚመጣ ሰው ምርጫ ስለሌለው ክረምቱ ጥሩ ነው። ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እርስዎ ምርጫ አለዎት። በቅርብ ያሉት የመንግሥት ተቋማት ስድስት ኪሎ ያለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በአካል ሄደው በመጪው ዓመት በኤክስቴንሽን የሚከፍቱትን ይጠይቁ፤ ፕሮግራም በወረቀት ላይ ቢኖርም በቂ ተማሪ ካላመለከተ አይከፈትም።

የግል ዩኒቨርሲቲ ካሰቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም። ለዚያ የትምህርት መስክ፣ ለዚያ ካምፓስ፣ ለዚያ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ካምፓስ በመደበኛ የተፈቀደ ፕሮግራም ቢሾፍቱ ቅርንጫፍ በርቀት ሲሰጥ ያው ፈቃድ አይሠራለትም። «ዕውቅና አለን» የሚለውን ባነር አይመኑ። የፈቃዱን ወረቀት ይዩ፣ ቀኑን ያንብቡ፣ ከዚያም ባለሥልጣኑ ጋ ያረጋግጡ። ባለፉት ዓመታት መንግሥት የሠራተኞቹን ማስረጃ ማጣራት ጀምሯል። ሦስት ዓመት የለፉበት ዲግሪ በዚያ ወንፊት ሲወድቅ ማየት አይፈልጉም።

አሁን የጊዜውን ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንድ ኮርስ ሦስት ክሬዲት ሰዓት ነው እንበል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ንባብና የቤት ሥራ አለ። ስለዚህ አንድ ኮርስ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ይበላል፤ ሁለት ኮርስ አሥራ ስምንት። ከቢሾፍቱ መመላለሻው፣ ስድስት ኪሎ ድረስ የታክሲ ሰልፉ ሲጨመር ከሃያ በላይ ነው። እርስዎ በሳምንት ሃያ ምናምን ክፍለ ጊዜ እያስተማሩ፣ የስልሳ ተማሪ ደብተር እያረሙ ነው ይህ የሚሆነው። ሦስት ኮርስ ቢይዙ ሃያ ሰባት ሰዓት ነው፤ አይቻልም። ሬጅስትራሩ ስለፈቀደልዎ ብቻ ሦስት ኮርስ አይያዙ። የአገራችን ፕሮግራሞች በአብዛኛው ከስምንት እስከ አስር ኮርስና ቴሲስ ስለሚጠይቁ፣ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ከወሰዱ ኮርሱ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከቴሲሱ ጋር ሦስት ዓመት፣ ካስቸገረ ሦስት ተኩል ይያዙ። ውጤቱም እንደ መጀመሪያ ዲግሪ አይደለም። ለመመረቅ በተለምዶ 3.00 አማካይ ይጠየቃል። ሲ እዚያ እንደ ውድቀት ነው የሚታየው፤ ከአንድ በላይ ሲ ከመጣ ችግር ውስጥ ነዎት።

ኮርሶቹን በየተራ ልዘረዝርልዎ አልፈልግም፤ ዝርዝሩን ከትምህርት ክፍሉ ያገኙታል። የድምፅ፣ የቃልና የዐረፍተ ነገር ጥናት መግቢያዎቹ ለእንግሊዝኛ ምሩቅ ክለሳ ናቸው። የሥርዓተ ትምህርትና የመማሪያ ዝግጅት ኮርሱን ፒጂዲቲ ላይ በከፊል ነክተውታል። ሁለተኛ ቋንቋ መልመድ፣ የንግግር ትንተና፣ የቋንቋ ፈተና እና የምርምር ዘዴ ግን አዲስ ነገር ይጠይቁዎታል። እነሱን ቀረብ ብለን እንያቸው።

ሁለተኛ ቋንቋ መልመድ የሚባለው ኮርስ ደብተር ማረምዎን ለዘለዓለም ይቀይረዋል። ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967፣ የተማሪ ስህተት ቆሻሻ ሳይሆን ተማሪው በራሱ የሠራውን ሕግ የሚያሳይ ማስረጃ ነው ሲል ተከራከረ። ላሪ ሴሊንከር በ1972 ለዚህ የተማሪ ቋንቋ ኢንተርላንጉዊጅ የሚል ስም ሰጠው። ወደ ክፍልዎ ያምጡት። ተማሪዎ «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ብሎ ይጽፋል። እርስዎ «ኢት» ላይ ቀይ ሰረዝ ያደርጋሉ፤ በሳምንቱ ያው ይመጣል። ለምን? «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ተገዢውን እየጠቆመች ነው። ልጁ አማርኛው የሚጠይቀውን በእንግሊዝኛው ላይ አሟልቷል። ሰነፍ አይደለም፤ ሕግ አክባሪ ነው። ኮርሱ ላይ የሚሰጥዎት ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሠላሳ የተማሪ ድርሰት ሰብስቦ ስህተቱን መመደብ። ከዚያ የትኛው ከአፍ መፍቻ ቋንቋ እንደመጣ፣ የትኛው ማንም የእንግሊዝኛ ለማጅ የሚሠራው እንደሆነ መለየት። የመጨረሻው ክፍል ነው ከባዱ። ሁሉንም ስህተት በአማርኛ ማሳበብ የጀማሪ ወጥመድ ነው።

የንግግር ትንተናው ደግሞ ድምፅ መቅጃ ያስይዝዎታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሲንክሌርና ኩልታርድ የተባሉ ሁለት የበርሚንግሃም ሰዎች የክፍል ውስጥ ንግግር ሦስት እርከን እንዳለው አሳዩ፤ መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ መምህሩ ይገመግማል። የራስዎን ክፍል ቀድተው ቢሰሙት ሊያፍሩ ይችላሉ። መምህሩ አራት ዐረፍተ ነገር ይጠይቃል፣ ተማሪው አንድ ቃል ይመልሳል፣ መምህሩ «ጉድ፣ ሲት ዳውን» ይላል። ተማሪው በአርባ ደቂቃ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስንት ሰከንድ ተናገረ? ቆጥረው ያስገባሉ። እዚህ ላይ ከሰዓቱ ሒሳብ ጋር የሚያያዝ ነገር አለ። የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለማስፈር ቢያንስ አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ልጆች ተደራርበው ከተናገሩበት ከዚያም በላይ። ሰኞ የሚገባ የቤት ሥራ እሑድ ማታ አይጀመርም።

«ሒሳብ የለውም» የሚለውን ደግሞ የፈተና ኮርሱ ያፈርሰዋል። የሃምሳ ተማሪ ውጤት ይዘው ይመጣሉ እንበል። አንዱን ጥያቄ 47ቱ ከመለሱት የቅለት መጠኑ 0.94 ነው። ማንንም አይለይም፤ ቢቀር አይጎዳም። ሌላውን ጥያቄ ያዩታል። ከፍተኛ ውጤት ካመጡት 13 ተማሪዎች 5ቱ ብቻ መልሰውታል፤ ዝቅተኛ ካመጡት 13 ደግሞ 9ኙ። ልዩነቱን ለ13 ሲያካፍሉት ከዜሮ በታች 0.31 ይመጣል። ጎበዞቹ የሚስቱት፣ ደካሞቹ የሚመልሱት ጥያቄ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል፤ ወይም ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው። ይህን ያልሠራ መምህር በዚያ ጥያቄ ጎበዝ ተማሪን ይቀጣል፤ ማንም ግን አያውቅም። ከዚህ ወደ ፈተናው አስተማማኝነት፣ ወደ ቲ ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ ማወዳደሪያ)፣ ወደ ኮሪሌሽን (የሁለት ውጤቶች ዝምድና) ይኬዳል። ማሽኑ (ብዙ ቦታ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ነው) ያሰላልዎታል፤ እርስዎ ምን እንዳሰላ መረዳት አለብዎት። ዲፌንስ (ቴሲሱን ፈታኞች ፊት መከላከል) ላይ ተማሪ የሚወድቅበት ጥያቄ «ይህን ቴስት ለምን መረጥክ?» የሚለው ነው። «አማካሪዬ ነው ያለኝ» መልስ አይደለም።

ማኅበራዊ ሥነ ልሳንን በአጭሩ ላልፈው። አስደሳች ነው፣ ንባቡም ቀለል ይላል። የ1986 ዓ.ም የትምህርት ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ ማድረጉ፣ መንግሥት በ2012 ዓ.ም ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን፣ ሶማልኛንና አፋርኛን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ለማድረግ መወሰኑ እዚያ ይነሣል። ክፍሉ ይሟሟቃል። ክርክሩን ከማስረጃ ጋር ማያያዝ የቻለ ተማሪ ጥሩ ውጤት ይዞ ይወጣል።

ቴሲስ የሌለው አማራጭ ለጠየቁት፣ እዚህ አገር የለም ብለው ይነሡ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች በቴሲስ ፋንታ ማጠቃለያ ፈተና ወይም ፖርትፎሊዮ ይቀበላሉ። የእንግሊዝ ማስተርስ 180 ክሬዲት ሲሆን 60ው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ኮርሱን ጨርሶ ጽሑፉን የተወ ሰው በ120 ክሬዲት የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ ይዞ ይወጣል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መውጫ በር አይጠብቁ። ኮርስ ጨርሶ ቴሲስ ላይ የቆመ ሰው እጁ ላይ ያለው የኮርስ ውጤት ብቻ ነው። የኤክስቴንሽን ተማሪ የሚሰምጠውም እዚሁ ነው። ኮርስ ሳለ ቅዳሜ ያስነሣዋል፣ ጓደኛ ያበረታታዋል፣ ፈተና ያስፈራዋል። ቴሲስ ላይ ግን ማንም አይጠራውም። አማካሪው ሥራ ይበዛበታል፤ ተማሪው ለመደወል ያፍራል። ዓመት ያልፋል።

ስለዚህ ርእሱን በመጀመሪያው ሴሚስተር ይምረጡ። ርእስ ሲመርጡ ደግሞ «የእንትን አተገባበርና ተግዳሮቶቹ፣ በሦስት ትምህርት ቤቶች ላይ ያተኮረ» የሚለውን ለእግዚአብሔር ብለው ይተዉት። ያ ርእስ መደርደሪያ ሞልቷል። መጠይቅ ተበትኖ፣ መምህራን «እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርገው፣ መጨረሻ ላይ «የግብዓት እጥረት አለ» ይባላል። እርስዎ በየቀኑ የሚገቡበት ክፍል አለዎት። ደብተር አለ፣ ፈተና አለ፣ ንግግር አለ። ለምሳሌ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ጥያቄዎችዎን ባሕርይ መመርመር ወይም ስህተት ሲታረም ተማሪው በቀጣዩ ድርሰት ምን እንደሚቀይር ማየት ይችላሉ። የእያንዳንዱን ኮርስ የቤት ሥራ ወደዚያው ርእስ ከሳቡት፣ ኮርሱ ሲያልቅ የቴሲሱ ግማሽ ማስታወሻ በእጅዎ ነው። ከራስ ክፍል መረጃ መውሰድ ግን ገደብ አለው። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ፣ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ፣ ከወላጅም ስምምነት ያስፈልጋል። ውጤት የሚሰጡት ራስዎ ስለሆኑ ተማሪው «አልሳተፍም» ለማለት ይፈራል። ይህን እንዴት እንደፈቱት ፕሮፖዛሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ የውጭ ፈታኙ ይጠይቃል።

ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ አይተውት ይሆናል። አንዳንዱ የእውነት ጽሑፍ አርሞ ይሰጣል። ብዙው ግን ሠርቶ ይሸጣል። የተገዛ ቴሲስ በማመሳከሪያ ሶፍትዌር ባይያዝ እንኳ ዲፌንስ ላይ ይያዛል፤ ያልሠራውን ማንም ማብራራት አይችልም። ከተመረቁ በኋላም ቢታወቅ ዲግሪው ይሰረዛል። ሰዓት ካጠረዎት አንድ ሴሚስተር ያራዝሙ።

የእንግሊዝ ኦንላይኑ መጥፎ አማራጭ አይደለም፤ ለእርስዎ ግን አልመክረውም። በርሚንግሃምን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በርቀት መስጠት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ጥራታቸውም የተመሰከረ ነው። ያንን 180 ክሬዲት በሰዓት ሲመነዝሩት 1800 የጥናት ሰዓት ነው። በሁለት ዓመት ተኩል ሲያካፍሉት በሳምንት አሥራ አራት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ይሄ ይቻላል፤ መመላለሻም የለውም። ነገር ግን አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 ወይም 7 ይጠየቃል፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ክፍያው በፓውንድ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በመምህር ደመወዝ ይህን መሸፈን ሕልም ነው። ሲጨርሱም ዲግሪውን ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቅርበው አቻ ግምት ማሠራት አለብዎት። በርቀት የተገኘ የውጭ ዲግሪ በምን ሁኔታ እንደሚቀበሉ፣ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ካገኙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ ይሂዱበት።

ይህንኑ ጥያቄ ከአሜሪካ የሚጠይቁኝም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው እንደፈለገ ግማሽ ጊዜ ብቻ መማር አይችልም፤ ሕጉ ሙሉ ጊዜ ይጠይቃል። እየሠሩ በዝግታ መማር የሚችሉት የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውና ዜጎች ናቸው።

የደመወዙንም ነገር ይወቁት። ማስተርስ በመምህራን የደረጃ ዕድገትና በደመወዝ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ ግን ወረቀቱን ስላስገቡ ብቻ በራሱ አይመጣም። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሳያውቅ የተማሩት ትምህርት ሲጨርሱ «መስኩ አይዛመድም» ወይም «በጀት የለም» ሊያስብል ይችላል። ከመመዝገብዎ በፊት መስኩን ጠቅሰው ያመልክቱና የፈቃድ ደብዳቤውን ያስቀምጡ። ግብዎ ዲግሪው ሳይሆን ክፍል ውስጥ የተሻለ ማስተማር ከሆነ ደግሞ ሦስት ዓመት አያስፈልግዎትም። ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ ሥልጠና 120 ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት እየታዩ ያስተምራሉ፤ በኦንላይንም ይሰጣል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ እንደ ዲግሪም አይቆጠርም።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በቅዳሜና እሑድ ኤክስቴንሽን፣ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ ለሦስት ዓመት። የፈተና ኮርሱና የምርምር ዘዴው በመጀመሪያው ዓመት እንዲሰጥዎት ትምህርት ክፍሉን ይጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉ ካልፈቀደ ስታትስቲክሱን በራስዎ ቀድመው ያንብቡ። ይህን ሰሞን ሦስት ነገር ያስጀምሩ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ፣ የጋት ልምምድ። ከዳይሬክተሩ ጋርም የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ከመውጣቱ በፊት ይነጋገሩ። ዓርብ ከሰዓት ነፃ እንዲሆንልዎ ይጠይቁት። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ኪሎ ለሚገባ ሰው የሳምንቱ ንባብ የሚያልቀው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ዳይሬክተሩ እምቢ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ይያዙ።